እጄ ሊጥ ውስጥ ነው

ግቢው ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ስልክ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። የአንዱ ከኮቱ ኪስ፣ የአንዷ ከደረቷ ውስጥ፣ የመምህሩ ደግሞ ከመቁጠሪያው ጋር ተጠላልፎ አልወጣ ብሎት። ቀድማ የከፈተችው የሟች እህት ነበረች።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን» አለ ስልኩ። «እጄ ሊጥ ውስጥ ነው፤ ልቤ ግን እናንተ ጋ ነው።»

ትናንት አፈር ያለበሱት ሰውዬ ነው። ራሱ። ሳሉ ሳይቀር። ከኋላው ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ጧ፣ ጧ ሲል ይሰማል።

የሻይ ብርጭቆ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ አማተበች። ከዛ ማንም ማንንም ሳያማክር ግቢው ሙሉ ሰው አንገቱን ወደ አንድ ወንበር አዞረ።

እዛ ወንበር ላይ ማሚቶ ቁጭ ብሏል። አፉ በዳቦ ጢም ብሏል።

«አንተ ነህ!» አለች የሟች እህት፣ አክስቱ።

ማሚቶ እንደምንም ዋጠው። «አክስቴ፣ አፌ ሙሉ ነው እኮ!»

«ጎርሰህ ማውራት ደግሞ መቼ አቅቶህ ያውቃል?»

ማሚቶ የሟች ትንሹ ልጅ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ጆሮው የገባውን ድምፅ ሁሉ በአፉ መልሶ ስለሚያወጣው ሰፈሩ ማሚቶ ብሎት ቀረ። የቁምስናውን ቄስ የአባን ሳል፣ የልብስ ሰፊዋን መኪና፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል፣ ምን የማይችለው አለ። አሁን የሚበላውም በዚሁ አፉ ነው፤ ሱቅ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ግቡ፣ ግቡ፣ ነገ የለም!» ሲል ይውላል። እና የሞተ ሰው ድምፅ ሲመጣ ሰው ማንን ይመልከት? ማሚቶ ራሱ፣ እሱ ባይሆን ኖሮ፣ ማሚቶን ነበር የሚያየው።

ስልኩ ቀጥሏል። «ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ፣ ይላል ወንጌሉ። አንዱ ፊት ወጥቶ ‹እንደ ሌሎች ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ› አለ። እኛም ጋ የፊት ወንበር የሚወድ አለ። እግዜር ግን ብዙ ጊዜ በኋላ በር ነው የሚገባው። ምሕረት እንደ እርሾ ነው ወገኖቼ። ለብቻችሁ ከበላችሁት ይመርራችኋል። ሌላ ነገር ውስጥ ስትከቱት ነው ሥራ የሚሠራው።» ጧ። «መልካም ቀን። ዳቦው ሲበርድ ግዙ፤ ሲሞቅ ሆድ ይነፋል።»

አክስቱ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«የፊት ወንበር ሲል ማንን ነው?» አለች። ቤተክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ የሷ መቀመጫ ቅርፅ ወጥቶበታል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ ሻይዋን እያየች። ሁለቱ ከተኮራረፉ ቆይተዋል።

«አንቺ ነሽ ያስነገርሽብኝ!»

«በሞተ ሰው?»

መምህሩ እጁን አነሳ። ልጆችን ለመጀመሪያ ቁርባን የሚያዘጋጅ ሰውዬ ነው፤ እጁን ሲያነሳ አዋቂውም ዝም ይላል። «የዛሬ ንባብ ይሄ አይደለም» አለ። «የዛሬው የሰናፍጭ ቅንጣት ነው። ሟች በሕይወቱ አንድ ቀን የዕለቱን ንባብ ተሳስቶ አያውቅም። ሞቶ ነው የሚሳሳተው? ስለዚህ ይህ ሰው ሟች አይደለም።» ዓይኑ ማሚቶ ላይ ደረሰና እዛው ቀረ።

«መምህር፣ የድሮ ቅጂ ነው!» አለ ማሚቶ። «ስሙት እስቲ፣ መጨረሻው ላይ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ያ ዶሮ ለፋሲካ ታርዶ በልተነዋል! አክስቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ፈረሰኛውን የበላሽው!»

አክስቱ ትንሽ አሰበች። «አንተ ዶሮም ታስመስላለህ» አለች።

እውነቷን ነው። ያስመስላል።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ አልተናገረም ነበር። ማሚቶ ጳጳሱ ይለዋል። መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ሲራመድ ከኋላው ሰልፍ ያለ ይመስላል፤ መሐረቡን እንኳን ተኩሶ ነው የሚይዘው። ተነሳና አጠገቡ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የአባዬ ስልክ የት ነው?» አለው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ከሞተ ጀምሮ የለም። ቤቱን ሁሉ ፈልጌያለሁ።»

«እኔ ቀብር ላይ ነው የደረስኩት፤ ታውቃለህ።»

«አንተ የት እንደምትደርስ ማን ያውቃል» አለ ጳጳሱ፤ ሄዶም ለቀስተኛ ተቀበለ።

* * *

ሟች ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከመኝታ ቤቱ በአንድ ግድግዳ የተለየ ነው። ማንም ሳይነሳ ይነሳል፣ ሊጡን ያሻል፣ እያሸ የዕለቱን ወንጌል በልቡ ያላምጣል፣ ከዛ በስልክ ለቁምስናው ሰው አስተንትኖ ይልካል። ሰባኪ አልነበረም። የክህነት ትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጠም። ግን ሰው ፊቱን ሳይታጠብ የሱን ድምፅ ነበር የሚከፍተው። አባ እንኳን አንዳንድ እሁድ ስብከታቸው ውስጥ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ይሰማ ነበር፤ ከየት እንዳመጡት ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ማሚቶ ያንን ሰዓት አይቶት አያውቅም። እሱ ሲነሳ ዳቦው ተሽጦ፣ አባቱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ክንዱ ላይ የደረቀ ሊጥ በጥፍሩ ሲፍቅ ነው የሚያገኘው። «ነጋልህ የኔ ጌታ?» ይለዋል አባቱ። «ለኔ አሁን ነው የሚነጋው አባዬ» ይላል በራሱ በአባቱ ድምፅ። ሰውዬው እንዳይስቅ ጢሙን ይበላል።

አንድ ቀን ታዲያ ማሚቶ ልቡ ተነሳሳ። አባቱ ስልኩን ባንኮኒ ላይ ረስቶ ገላውን ሊታጠብ ገባ። ማሚቶ ስልኩን አነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሊጥ የለም፤ ጭኑን በጥፊ ጧ፣ ጧ አደረገ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እጄ ሊጥ ውስጥ ነው፤ ልቤ ግን እናንተ ጋ ነው። ዛሬ ስለ ቶማስ ነው የማወራው። ቶማስ ጣቴን ካላስገባሁ አላምንም አለ። በኛም ቁምስና ቶማስ አለ። ዳቦዬን ሁሉ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ‹ትኩስ ነው?› ብሎ ሳይገዛ የሚሄድ መምህር። ጌታ ቶማስን ይቅር ብሎታል፤ ምክንያቱም ጌታ ዳቦ ቤት የለውም።»

ላከው።

ሰፈሩ እስከ ምሳ አመነ። ሰው ሁሉ የመምህሩን አውራ ጣት ሲያይ ዋለ። መምህሩ በአውራ ጣቱ ምክንያት ወደ ቅዳሴ መግባት አፈረ። ነገሩ ሲታወቅ ጳጳሱ ቤት ለቤት ዞሮ ከየሰው ስልክ አስጠፋው፤ ለእያንዳንዱም ይቅርታ ጠየቀ። የማሚቶን ስልክ ነጥቆ ራሱ አጠፋለት። አባቱ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም። ሲመሽ ብቻ አይኑን ሳያነሳ፣ «ድምፄን ወስደሃል። በል አሁን በሱ ብላ» አለው።

ማሚቶ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ወጣ። ከዛ ወዲህ አባቱን ያየው ቀብሩ ላይ ነው፤ ሣጥን ውስጥ፣ በመጋረጃ ተሸፍኖ።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ሌላ መጣ። ዘኬዎስ ዛፍ ላይ የወጣው። «አጭር ሰው ነበር» ይላል ድምፁ፤ ጳጳሱም አጭር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። መምህሩ ንባቡን አመሳከረ፤ አሁንም የዕለቱ አይደለም። አሁን ግቢው ውስጥ ሰው ሰው አያምንም። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ኪሷን ትዳብሳለች። ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሲያንሾካሹክ ሦስተኛው ስለኔ ነው ይላል። አክስቱ ከፊት ወንበር ተነስታ መሐል ተቀምጣለች፤ አልተናገረችም፣ ግን ሁሉም አየ።

ማሚቶ ከቤተክርስቲያን ጸሎት ሲመለስ ቦርሳው ዚፑ በተቃራኒው ተዘግቷል። ካልሲው ሳይቀር ተገልብጦ ታይቷል። ወንድሙን ኩሽና በር ላይ አገኘው።

«አገኘኸው?»

«ምኑን?»

«ካልሲዬ ውስጥ የደበቅኩትን አባዬን!»

ጳጳሱ አልደነገጠም። «ነገ ይመጣል? ንገረኝ። ነገ ከመጣ፣ ከነገ ወዲያ መታሰቢያ ቅዳሴው ላይ ከቤተሰብ ወንበር አትቀመጥም። ከኋላ ከሌላው ሰው ጋር ትቆማለህ። ለአባም ነግሬያቸዋለሁ።»

«አንተ ከሆንክስ?» አለ ማሚቶ። «ጳጳስ ሆይ፣ እኔን ልታስወጣኝ አንተ እየላክህ ከሆነስ? ዳቦ ቤቱን ብቻህን ልትይዝ?»

«እኔ?» ጳጳሱ እጁን ዘርግቶ አሳየው። ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ እጅ። «እኔ ሊጥ ነክቼ አውቃለሁ?»

ማሚቶ ሌሊቱን አልተኛም ማለት ይቻላል። ቅዳሴው አልነበረም የከበደው፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ መተኛት ይችልበታል። ግን አባቱ ሳይምረው ሄዷል፤ አሁን ደግሞ በሰውዬው መታሰቢያ ላይ ከቤተሰቡ ጋር እንኳን እንዳይቀመጥ ነው። እና እናቱስ? እናቱ ቀን ቀን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትውለው። ስለ ስልኩ ማንም አልነገራትም፤ ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም ብለው። ከኋላ ቆሞ ስታየው ምን ልትል ነው?

በሦስተኛው ጠዋት ስልኮቹ ጮኹ። አሁን ሰው ለመክፈት ፈርቷል። መምህሩ ከፈተው።

«...ዛሬ ስለ ቶማስ ነው የማወራው።»

ማሚቶ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ቆመ።

«...ዳቦዬን ሁሉ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ...»

«ይሄው!» አለች አክስቱ። «ይሄው! ድሮውንም!»

መምህሩ ቀልቷል። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ዘጋች። ጳጳሱ ግቢውን አቋርጦ መጣ፤ ዛሬ ሰልፉ ከኋላው የለም፤ ይሮጣል። «ይሄን ደግሞ ማን አደረገው?» አለ። «ይሄስ የማን ድምፅ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ማሚቶ። ምን ይበል? የሱ ነው።

«ወጥተህ ጠብቀኝ።»

ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። ከዛ ነው ያሰበው። ያ ነገር ጠፍቷል። ወንድሙ ቤት ለቤት ዞሮ አጥፍቶታል፤ ከማሚቶም ስልክ አጥፍቶታል። ጳጳሱ ነገር ሲያጠፋ ደግሞ ያጠፋል። ያልገባበት አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ የራሱ የአባታቸው። የአባቱን ስልክ ተቀብሎ የመፈተሽ ድፍረት ጳጳሱም የለውም።

እና አባዬ አላጠፋውም።

ግድግዳውን ተደገፈ። አላጠፋውም። ከዛ ሌላ ነገር መጣበት፣ በጣም ቀላል ነገር፣ ስንት ዓመት ቁምስናው ሁሉ በየጠዋቱ ሲሰማው የኖረ። እጄ ሊጥ ውስጥ ነው። እሺ፤ እጁ ሊጥ ውስጥ ከሆነ፣ ስልኩን ማን ነበር የሚይዝለት?

* * *

ዳቦ ቤቱ ውስጥ እናቱ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ነጭ ሆኗል። ምድጃው በርዷል። ሽርጧ ኪስ ውስጥ አራት ማዕዘን ነገር ተወጥሯል።

«እማዬ» አለ። «እስቲ አሳዪኝ።»

ሳትሸሽግ አወጣችው። «ባትሪው እያለቀ ነው» አለች። «እሱ ነበር የሚሞላው።»

«አንቺ ነሽ የምትልኪው?»

«ታዲያ ማን ይላክ?» ተገረመች። «ሰው ይጠብቃል አይደል? እሱ ያወራል፣ እኔ ይቺን ክብ ነገር ተጭኜ እይዝለታለሁ፣ ሲጨርስ እለቃታለሁ። የድሮውን ለመላክ ደግሞ ይቺ ቀስት ናት። ንባቡ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ማንበብ የት አውቄ። ደስ ያለኝን ነው የምልከው። ምነው፣ አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል እማዬ። በደንብ ደርሷል።» ማሚቶ መሬት ላይ እግሯ ስር ቁጭ አለ። «የዛሬዋን ግን... የዛሬዋ የኔ ናት። ታውቂያለሽ አይደል?»

«የልጄን ድምፅ ላላውቅ ነው?»

«ታዲያ ለምን ላክሻት?»

«እሱ የሚወዳት ናት።» ስልኩን በመዳፏ ጠረገችው። «ጉልበቱን ሲያመው፣ ‹ያንን ቶማስን አሰሚኝ› ይለኛል። አሰማዋለሁ። ‹ጌታ ዳቦ ቤት የለውም› የምትለዋ ጋ ሲደርስ ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ እንባው ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል። እጁ ተይዟል፣ አይጠርገው። ‹በቃ ዛሬ ጨው ቀንሺ› ይለኛል።»

ማሚቶ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቱ ጭንቅላቱን በዱቄታም እጇ ያዘችው።

«ለምን አልጠራኝም?» አለ ቆይቶ።

«‹መምህሩን ይቅርታ ጠይቆ ይምጣ› ይል ነበር። ‹እኔማ ምን አደረገኝ፤ የሰውዬውን ጣት ነው ያሳፈረው›። አንተ እሱ እስኪጠራህ፣ እሱ አንተ እስክትመጣ። ድምፃችሁ ብቻ መሰለህ አንድ የሆነው?»

ውጭ የጳጳሱ ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ ተሰማ። ማሚቶ ተነሳና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «እማዬ፣ ስልኩን ደብቂው» አለ። «ለማንም አታሳዪ። እኔ እስክነግርሽ።»

ግቢው ሲገባ ሁሉም ይጠብቀዋል። እናቱን ቢናገር ነጻ ነው። ግን አክስቱን አየ፤ መምህሩን አየ፤ «ሚስቱ ናት የሞተውን ሰው በየጠዋቱ የምታስለፈልፈው» ሲባል በጆሮው ሰማ፤ ያውም በየሰዉ ድምፅ፣ እሱ እንደሚችለው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አላልኩም?» አለች አክስቱ።

«መምህር» ወደሱ ዞረ። በማንም ድምፅ አይደለም፤ ትንሽ ስለሚቆራረጥ የራሱ መሆን አለበት። «ያኔ ይቅርታ አልጠየቅኩህም። ወንድሜ ነው የጠየቀልኝ። አሁን እኔ እየጠየቅኩህ ነው። ጣትህን በሰው ፊት አዋረድኩት። ይቅር በለኝ።»

መምህሩ እጅ ላይ ከሻይ ጋር የተሰጠው ዳቦ አለ፤ ሲያስብ አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳቦው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ልብስ ሰፊዋ ቀድማ አየችው። ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዛ አክስትዬዋም አየች፤ ተኮራርፈው የኖሩት ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው በአፍንጫቸው ሲስቁ መምህሩ ዓይኑን ወደ እጁ ዝቅ አድርጎ አየው።

«ትኩስ አይደለም» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለማሚቶ ሰጠው።

ጳጳሱ ብቻ አልሳቀም። «ነገ ከኋላ ነው የምትቆመው» አለ።

«እሺ» አለ ማሚቶ።

ጳጳሱን የበለጠ ያስጠረጠረው ይሄ ነበር። ማሚቶ እሺ ብሎ አያውቅም።

* * *

በመታሰቢያው ጠዋት ለሚመጣው ሰው ዳቦ ያስፈልግ ነበር። ማሚቶ ያንን ሰዓት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ምድጃውን አቀጣጠለ፤ ሸሚዙን አወለቀ፤ እጁን እስከ ክርኑ ሊጡ ውስጥ ከተተ። ሊጡ ይከብዳል። ይሄንን ነው ሰውዬው እያሸ ወንጌል የሚያላምጠው?

እናቱ ከጆንያው ተነሳች። ምንም ሳትጠይቀው ስልኩን አፉ አጠገብ አመጣችና ክቡን ተጫነች።

ማሚቶ የአባቱን ድምፅ ማውጣት ይችላል። ጉሮሮው ላይ ተቀምጧል፤ መልቀቅ ብቻ ነው። «ወንድሞቼና...» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አልወጣም። የራሱንም ፈለገ፤ እሱም የለም። ሊጡን አነሳና ጠረጴዛው ላይ መታው። ጧ። እናቱ ክንዷን አላወረደችም።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጳጳሱ ነው፤ ለቅዳሴ ለብሶ ጨርሷል። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው የመጣው። የወንድሙን ሁለት እጆች በዓይኑ ፈለገ፤ እስከ ክርናቸው ሊጥ ውስጥ ናቸው። ስልኩን ፈለገ፤ እናቱ እጅ ላይ ነው። የእናቱ አውራ ጣት መስታወቱ ላይ ያለማመንታት ተቀምጧል፣ ስንት ዓመት እዛው እንደኖረ ጣት።

ጳጳሱ ገባው፤ በሩን ዘግቶ ቀረበ።

መስታወቱ በዱቄት ነጭ ሆኗል። ጣቷ አዳልጦ ወረደ። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ቀሚሷ ራሱ ዱቄት ነው፤ ባሰበት። ክቡን አጣችው። «የት ሄደች?» አለች ለራሷ፣ አንገቷን ደፍታ።

ጳጳሱ የተተኮሰ መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ እያለ ጠረገው። መዳፏ ላይ መለሰው። ከዛ የእናቱን አውራ ጣት በሁለት ጣቱ ያዘና ክቧ ላይ አስቀመጠላት፤ እጁንም አላነሳም።

ማሚቶ ሊጡን አነሳና መታው። ጧ።